በድንጋይ ተሳፍሮ የመጣው ደንበኛ

የእህቴ ባል ዕድሜውን ሙሉ ሰው ቤት እየገባ ያልተጠሩ እንግዶችን ሲያስወጣ የኖረ ሰው ነው። በረሮ ይሁን ትኋን፣ ምስጥ ይሁን አይጥ፣ በስድስት እግርም ይምጣ በአራት፣ ለእሱ ልዩነት የለውም። ሰፈሩ እናቱ ያወጣችለትን ስም ከረሳው ቆይቷል፤ "ጋሽ ፍሊት" ነው የሚለው። እሱም አይቀየምም። በር አንኳኩቶ "ማነው?" ሲባል "ፍሊት ነኝ" ይላል፣ ኮራ ብሎ፣ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ማዕረግ ይመስል። ቀልድ ሲነሣበትም ራሱ ይጨምርበታል። "እናታችሁ እኮ መጀመሪያ ያዩኝ ቀን ሮጠው ምድጃ ሥር ሊገቡ ምንም አልቀራቸው" ይለኝ ነበር። እናቴ ይህን ሰምታ አንድ ሳምንት አኮረፈችው፤ ከዚያ ጓዳዋን ጉንዳን ሲወርረው ታረቀችው።

እትዬ የምላት ታላቅ እህቴ ደግሞ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ገመድ ነቅላ ገመድ ስትሰካ የኖረች፤ የከተማው ሐሜትና መርዶ፣ የነጋዴው ጭቅጭቅና የእጮኛሞቹ ሹክሹክታ በጣቷ ሥር ያለፈ። ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ የቤቱ ስልክ ሲጮህ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር የምታነሣው። "አቤት፣ ማን ልበል?" ስትል ድምጿ በካውያ የተተኮሰ ሸሚዝ ነው።

ነበር። አሁን ያ ድምፅ የለም። ሳንባዋ ታመመ። መጀመሪያ ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ትቆምና በመስኮት ውጭ የምታይ እየመሰለች ትንፋሿን ትሰበስባለች። ቀጥሎ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ያለው መንገድ የአንድ አገር ጉዞ ሆነባት። በመጨረሻ የኦክስጅኑ ቱቦ አፍንጫዋ ላይ ተሰካና አልጋዋ ሳሎን ገባ። ጠያቂው መጀመሪያ ጎረፈ፣ ከዚያ ሳሳ፣ ከዚያ በስልክ "አይዞሽ" ብቻ ሆነ። ያኔ ነው እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችው። አትነጫነጭም፣ አታለቅስም። ሲያናግሯት ትመልሳለች፤ ግን የምትመልሰው ለግድግዳው ነው።

ጋሽ ፍሊትን ያስፈራው ይሄ ነው። እኔ ከእነሱ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ስለምኖር አንድ ቀን ደረጃው ላይ ያዘኝ።

"ስሚ" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በረሮ ሊሞት ሲል ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ? ለክፍሉ ጀርባውን ይሰጣል። ግድግዳ ይጠጋል።"

"ኧረ ጋሼ! እህቴን ከበረሮ ጋር!"

"እኔ ሌላ የማውቀው ምን አለ? ፊቷን ካላዞረችልኝ አለቀልኝ። ምንም ይሁን ምን፣ ዓይኗን ወደዚህ የሚጠራ ነገር ማምጣት አለብኝ።"

ሐኪሙ ፀጉርና ላባ ያለው ነገር ቤት ድርሽ እንዳይል አስጠንቅቋል። ድመት የለ፣ ወፍ የለ። እንግዲህ ከፍጥረት ሁሉ የቀረው ዓሣ ነው። "ታዲያ የጨው ውሃ ምን አመጣው?" ብትሉ፣ የራሷ የእትዬ ጨዋታ ነው ያመጣው። ኦፕሬተር ሳለች የወደብ መሥመር ስታገናኝ ከተናጋሪው ኋላ አንድ የሚያጉረመርም ነገር ትሰማ ነበር። "ይሄ ጫጫታ ምንድን ነው?" ብትል፣ "ባሕሩ ነው፣ እመቤት" አሏት። ባሕርን እንዲህ በጆሮዋ ብቻ ነው የምታውቀው። ጋሽ ፍሊት ታዲያ ባሕሩን እቤቷ ሊያመጣላት ቆረጠ፤ ያውም በመስታወት ውስጥ፣ ከቡፌው ጎን፣ ከአልጋዋ ክንድ በማይርቅ ቦታ።

የዓሣ ሱቁ ባለቤት ዓይኑ ፈጠጥ፣ አንገቱ አጠር ያለ፣ ከሚሸጣቸው ዓሣዎች ጋር አብሮ ያደገ የሚመስል ቀልደኛ ሰው ነው። ገንዳውን፣ ጨዉን፣ የአየር መንፊያውን ካስረከበ በኋላ እርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ ድንጋይ አወጣ።

"ይሄ ከባሕር የወጣ ነው። ውሃውን የሚያጸዳልህ እሱ ነው። ግን ኋላ እንዳትወቅሰኝ፣ ከነተከራዮቹ ነው የምሰጥህ።"

"የምን ተከራይ?"

"ቀዳዳው ውስጥ ምን እንደተሸጎጠ እኔም አላውቅ። ሊፍት ጠይቀው የመጡ ናቸው።"

ጋሽ ፍሊት ከት ብሎ ሳቀ። ተከራይ ማስወጣት ለእሱ! አዝማሪን ዝፈን እንደማለት ነው።

ውሃው ረጋ፣ ጠራ። ሦስት ዓሣ ገባበት፤ ሁለት ቢጫ፣ አንድ ባለጥለት። መብራቱ ሲበራ ሳሎኑ ሰማያዊ ሆነ። እኔ እንኳ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እትዬ ለወጉ ያህል ቀና ብላ አየችና "ያምራሉ፣ ተባረክ" አለች። ከዚያ ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች። ጋሽ ፍሊት እጁ ውስጥ የነበረውን ፎጣ አጥፎ፣ ዘርግቶ፣ መልሶ አጠፈው።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መስታወቱ ላይ አፍንጫውን ለጥፎ "አንቺ!" ሲል ጮኸ።

"ምን ሆንክ?" አለች እትዬ ለግድግዳው።

"ከድንጋዩ ውስጥ ትል ወጣ! ጣቴን ያህላል! ደግሞ ፀጉር አለው!"

"ሐኪሙ ፀጉር ያለው አይግባ ብሎ የለ እንዴ?" አለችና ዞረች።

ዞረች! ለሦስት የተዋቡ ዓሣዎች ያልዞረች ሴት ለአንድ አስቀያሚ ትል ዞረች። ጋሽ ፍሊት ወረንጦ ይዞ አደን ገባ። ትሉ ወደ ቀዳዳው ሽው፤ እሱ ክርኑ ድረስ ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቅ፤ ጠላቱ ፀጉሩን ጣቱ ላይ ሰክቶበት ሲያመልጥ፤ እሱ ጣቱን እየጠባ ሲረግም፤ እትዬ ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነ፣ ሳሉ መልሶ ሳቅ ሆነ፣ ከጓዳ ሮጬ ገብቼ ጀርባዋን ያዝኩ።

"በምስጥ የሠለጠነ ጀግና" አለች ትንፋሿ ሲመለስላት፣ "ትል አሸነፈው!"

ከዚያ ወዲያ አልጋዋ ዞረ። የራስጌው ወደ ግርጌ፣ የግርጌው ወደ ራስጌ። ድንጋዩ ደግሞ ተከራዮቹን አንድ በአንድ ማውጣት ያዘ። ጥፍር የማይሞላ ኮከብ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ይሄዳል። ብርሃን የሚያሳልፍ አበባ የሚመስል ነገር ይበቅላል፤ ሲነኩት ሰምጦ ይጠፋል። ቅንቡርስ የሚያህል ሸርጣን ብቅ ይልና ጥፍሩን አሳይቶ ይገባል። እትዬ ትጠቁማለች፣ እሱ ያድናል። "በስተቀኝ! ኧረ በስተቀኝ፣ ያንተን ቀኝ አይደለም የኔን!" ስትለው ያ የኦፕሬተርነቷ ድምፅ ጭላንጭሉ ይሰማ ነበር። ዓሣዎቹን ግን ልብ አትላቸውም። አንዴ ምክንያቱን ጠየቅኳት።

"እነሱማ ተጋብዘው የመጡ ናቸው፤ ይብሉ፣ ይጠጡ። እኔን የሚገርመኝ ሳይጠራ መጥቶ፣ ማንም ሳያበላው፣ እየታደነም የሚኖረው ነው።"

አንድ አመሻሽ ላይ፣ የገንዳው መብራት እንደጠፋ፣ ከድንጋዩ ሥር አንድ ድምፅ ተሰማ። ቀጭ! ሰው ጣቱን እንደሚያጮህ። መስታወቱ የተሰነጠቀ መስሎን ጋሽ ፍሊት በመዳፉ ዳበሰው። ደረቅ ነው። እንደገና፣ ቀጭ!

እትዬ ክርኗን ተደግፋ ቀና አለች። ቱቦዋን አስተካከለች።

"አቤት፣ ማን ልበል?" አለች።

ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ከድንጋዩ ሥር ያለው ነገር "ደንበኛዬ" ተባለ። ምን እንደሚመስል ማንም አላየውም። ሲመሽ ቀጭ ይላል፣ እትዬ በቀለበቷ የአልጋውን ብረት ታንኳኳለች፣ እሱ ቀጭ ይላል። መልስ እየሰጣት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እሷም ሳታውቅ አትቀርም። ግን ቀኑን ሙሉ ያንን ሰዓት ትጠብቃለች። ፀጉሯን ማበጠር ጀመረች። "መሥመር ሊከፈት ነው፣ ቀና አድርጊኝ" ትለኛለች። ትራስ ከኋላዋ እደረድራለሁ፤ እንደ ቢሮዋ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች።

ጋሽ ፍሊት ባለሱቁን ሊጠይቅ ሄደ፤ ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ጠቁሯል።

"የሽሪምፕ ዘር ነው አለኝ። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ድምፅ ብቻ ነው፣ ምንም አያደርግ። ሁለተኛው ነፍሰ ገዳይ ነው። ዓሣ ቢሆን፣ ሸርጣን ቢሆን፣ ያገኘውን አይተውም። የሰው ጣት ይሰነጥቃል።"

"የኛው የትኛው ነው?" አልኩት።

"ሳይወጣ በምን ይታወቃል?"

በነጋታው ባለጥለቱ ዓሣ ጠፋ። አጥንቱም፣ ቅርፊቱም የለም። ጋሽ ፍሊት ከዚያ በላይ ማስረጃ አልፈለገም። የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጦ፣ ገልብጦ መልሶ ሰክቶ፣ ውስጡ ቁራጭ ሥጋ አስቀምጦ ወጥመድ ሠራ። እጁ ሲሠራ ያምራል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ሲያገኝ ወጣት ይሆናል። ሊያስገባው ሲል እትዬ ጠራችው።

"አንተ ሰውዬ።"

"ወይ፣ እሜቴ።"

"ተወው።"

"የቀሩትን ዓሣዎች ይበላቸዋል እኮ።"

"ይብላቸው። ዕድሜህን ሙሉ ያልተጠራውን ስታስወጣ ኖርክ። ቃል አልተናገርኩህም። ይሄን አንዱን ግን ተውልኝ።" ትንፋሽ አጠራትና ቆየች። "ሌላ የሚደውልልኝ የለም።"

ጋሽ ፍሊት ጠርሙሱን እንደያዘ ቆመ። በሕይወቱ ካየው ተባይ ሁሉ፣ ቦታውን እያወቀ የተወው አንድም እንደሌለ እኔ ምስክር ነኝ። ከዚያ ወጥመዱን ወስዶ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። መልሶ እንዳያወጣውም በእግሩ ጨፈለቀው።

ቡፌውን ስጠርግ ባለጥለቱን ዓሣ እኔ አገኘሁት። ከገንዳው ዘሎ ከቡፌው ኋላ ወድቆ እንደ ቆዳ ደርቋል። በቆሻሻ ማፈሻ አንሥቼ ባሳየኋት ጊዜ እትዬ እጇን አነሣች። "ተከሳሹ ነፃ!" አለች። ጋሽ ፍሊት ለገንዳው አጎንብሶ "ይቅርታ ጌታው" አለው። የዚያን ዕለት ምሽት ሦስታችንም እንደ ቲያትር ተመልካች ተደርድረን ቀጭታውን ጠበቅን። እንዲህ ያለ ደስታ በዚያ ቤት ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ጋሽ ፍሊት ጡረታ ወጥቶ ነበር። መርጫውም፣ የሥራ ካፖርቱም፣ ቦቲውም ምድር ቤት ያለው ዕቃ ቤት ተቆልፎባቸዋል። ግን የሕንጻው ሥር ያለው ዳቦ ቤት በረሮ ወረረው። ባለቤቱ ሌሎች አስረጭቶ አልሆን አለው፤ የጤና ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ ተብሏል። ሽቅብ መጥቶ በር ላይ ቆመ።

"ጋሼ፣ ባይሆን አንዴ። እነዚያ ልጆች በረሮውን አጠቡት እንጂ አልገደሉትም።"

እንዲህ ሲባል ማን እንቢ ይላል? ሄደ። ምድጃዎቹን እያስነቀለ፣ ስንጥቅ ለስንጥቅ እየረጨ ጠዋቱን ሙሉ ሠራ። ሲጨርስ ያፏጭ ነበር፤ ፉጨቱን ከደረጃው ሰማሁት። ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ቆይቶ ሥራው እንዳልረሳው ያወቀ ሰው ፉጨት ነው። ካፖርቱን ታች ሊያወልቅ ነበር፤ ዕቃ ቤቱን እየከፈተ ሳለ ነው የእትዬን ጥሪ የሰማው። እኔም ከላይ ሰማሁት፤ ያ ሁሉ ድምፅ ከየት እንደመጣላት እንጃ።

"ድረሱ! ድንጋዩ ወደቀበት!"

ትሎቹ ይሁኑ ሸርጣኑ፣ ከሥር አሸዋውን ሲቦረቡሩ ኖረው ትልቁ ድንጋይ ተንሸራቶ ደንበኛዋ ያለበት ጉድጓድ ላይ ተኝቷል። እትዬ ከአልጋዋ ግማሽ አካሏን አውጥታ፣ ቱቦዋ ተወጥሮ፣ እጇን ወደ መስታወቱ ዘርግታለች።

"አንሣለት! ሞተብኝ፣ አንሣለት!"

ጋሽ ፍሊት ደረጃውን በሩጫ ነው የወጣው። አንድም ሳያስብ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ሁለት እጁን እስከ ብብቱ ገንዳው ውስጥ ከተተ። ድንጋዩን አቀፈ፣ አነሣ፣ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መለሰ። ውሃው ደፈረሰ። አሸዋው ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰና፣ ቀጭ!

"ተመስገን" አለች እትዬ። እጁን፣ ውሃ የሚንጠባጠበውን እጁን፣ ይዛ ሳመችው።

በዚያ ምሽት ደወለ፤ ደካማ ነበር። በማግስቱ አልደወለም። እትዬ አንኳኳች። ጠበቀች። አንኳኳች። "ደንግጦ ነው" አለች። "ሰው ቤቱ ላዩ ላይ ሲፈርስበት አይደነግጥም?" በሦስተኛው ቀን ኮከቡም ተገልብጦ ተገኘ፤ ሸርጣኑ እግሮቹን ወደ ላይ ሰብስቧል። ከድንጋዩ ሥር ደግሞ ውሃው አንድ ትንሽ ነገር ገፍቶ አወጣ። አንዱ ክንዱ ከሌላው የሚበልጥ፣ ቀለሙ የረገፈ ሽሪምፕ። የጣቴን ግማሽ አያህልም። ያንን ሁሉ ድምፅ ያወጣ የነበረው ይሄ ነው? አልኩ በልቤ።

እትዬ አየችው።

ጋሽ ፍሊት ሽሪምፑን በጠርሙስ አድርጎ ወደ ሱቁ ሄደ፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። ባለሱቁ ጠርሙሱን ወደ መብራት አነሣው።

"ይሄ ምስኪኑ ነው። ድምፅ ብቻ ያልኩህ። ዓሣዎቹስ?"

"ፈዘዋል፣ ግን አሉ።"

"ትሎቹ?"

"አሉ።"

"ሸርጣኑስ?"

"ሞቷል። ኮከቡም።"

ባለሱቁ ቀልዱን ተወ። "መጀመሪያ የሞቱት እግር ያላቸው ከሆኑ፣ ቤት ውስጥ ፍሊት ነፍታችኋል።"

"ኧረ አልነፋንም" አልኩ እኔ ፈጥኜ።

ጋሽ ፍሊት ግን ጠርሙሱን ከባለሱቁ እጅ መልሶ ተቀበለ። ሰው ቤት ሊረጭ ሲገባ፣ ዓሣ ካለ፣ "እርጥብ ጨርቅ አልብሱት፣ አየር መንፊያውን ንቀሉ፤ ይሄ ነገር ጠብታው ውሃ ከነካ ውስጡ ያለውን ይፈጀዋል" የሚለው እሱ ራሱ ነው። ለስንት እመቤት ብሎታል። እጅጌውን ቀስ ብሎ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ካፖርቱን አልለበሰም ነበር፤ ንጹሕ ሹራብ ነው የለበሰው። ግን አሸተተው።

ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመ። ሰው እየገፋን ያልፋል።

"ሽሪምፑን በአንድ ጊዜ ንክኪ ነው የገደልኩት" አለኝ። "በአንድ እጅጌ።"

"ባለማወቅ ነው ጋሼ። ልታድነው ነው የሮጥከው።"

"እሱን አይደለም የምልሽ።" እጅጌውን ዳበሰ። "የሥራ ልብሴን ማን ነበር የሚያጥበው?"

እኔም አውቃለሁ። እትዬ ነበረች፤ በረንዳ ላይ፣ በሳፋ፣ በእጇ፣ እንፋሎቱ ፊቷ ላይ እየወጣ። "ከሌላ ልብስ ጋር እንዳይቀላቀል" ትል ነበር። ለልብሱ ነበር የምትጠነቀቀው።

እቤት ስንገባ ወደ ጓዳ ገብቼ ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ፤ ያልቆሸሸ ብርጭቆ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

"ምን አለህ ባለሱቁ?" አለች።

"እጅህ ነው አለኝ።"

"እንግዲህ ምን ይደረግ። አንሣለት ያልኩህ እኔ ነኝ።" ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። "ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታየኝ?"

"ሐኪሙ ጠይቆሽ አያውቅም? የኔን ሥራ?"

የኦክስጅኑ ማሽን ሲተነፍስ ይሰማኛል።

"ጠይቆኛል።"

"ምን አልሽው?"

"ሹፌር ነው አልኩት።"

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። ማጠብ አልቻልኩም።

"ለምን?" አለ። ድምፁ ድምፁን አይመስልም።

"እንዲህ ሆነህ እንዳታየኝ።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ብነግረው ምን ይጨምርልኛል? ሳንባ አይመልስልኝ። ያንተን እንቅልፍ ግን ይወስዳል። እኔ ስንት ሚስጥር በጆሮዬ አሳልፌ ለማንም ያልነገርኩ ሴት፣ አንዷን ያንተን መያዝ ያቅተኛል?"

ስወጣ ፊቷ ወደ ግድግዳው ነበር። ገንዳው ውስጥ ሁለቱ ቢጫ ዓሣዎች በማያውቁት ነገር መሐል እየዞሩ ይዋኛሉ።

የቀጠሮዋ ቀን ሆስፒታል የሄድነው ሦስታችንም ነን፤ እሷ በሚገፋው ወንበር። ሐኪሙ ወጣት፣ ትሑት፣ የደከመው ሰው ነው። ገና አዳምጧት ሳይጨርስ ጋሽ ፍሊት ባርኔጣውን አወለቀ።

"ዶክተር፣ ባሏ ሹፌር አይደለም።"

ሐኪሙ ግራ ገብቶት አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። "ይቅርታ፣ እርስዎ ባሏ አይደሉም?"

"ነኝ። ሹፌር ግን አይደለሁም። ፀረ ተባይ ረጪ ነኝ። ዕድሜ ልኬን።"

እትዬ ዓይኗን ጨፈነች። ሐኪሙ የጆሮ ማዳመጫውን ከአንገቱ አወረደ።

"ልብሱን የት ነበር የሚያወልቁት?"

"እቤት።"

"ማነው የሚያጥበው?"

"ላውንድሪ" አለች እትዬ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች። "ላውንድሪ ነበር የሚሰጠው።"

"ውሸቷን ነው" አለ ጋሽ ፍሊት። "እሷ ናት። በእጇ።"

ሐኪሙ ሁለቱንም ሲያያቸው ቆየና ለስለስ ባለ ድምፅ ተናገረ። ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። በቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ሕመም ነበረ፤ ዕድሜም አለ፤ የከተማው ጭስም አለ። አሁን ይሄ ነው ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው አይገኝም። መድኃኒቱም አይለወጥም። ያው ነው የሚቀጥሉት።

ጋሽ ፍሊት የሚፈልገውን አላገኘም። "አንተ ነህ" ቢለው አንገቱን ደፍቶ ይወጣ ነበር፤ "አይደለህም" ቢለውም ቀና ብሎ። ባርኔጣውን በእጁ ሲያዞር፣ ሲያዞር ቆየ።

ታክሲው ውስጥ መሐል አስቀመጥናት። መንገዱ ተጨናንቆ ነበር፤ ሹፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል። ጋሽ ፍሊት በመስኮቱ ውጭ ያያል። እትዬ እጁን ፈልጋ ያዘች።

"ሐኪሙ ካላወቀ" አለች ቀስ ብላ፣ ሁለት ሦስቴ እያረፈች፣ "አንተ ማን ነህና ታውቃለህ?"

ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"ባለፈው ነገር አትሙትብኝ። ቀድሜህ የምሄደው እኔ አለሁ። እሺ በለኝ።"

በመስኮቱ ማየቱን ቀጠለ።

"አንተ ሰውዬ፣ እሺ በለኝ።"

እጇን ጠበቅ አደረገው። ግን እሺ አላላትም። እስከ ቤት ድረስ ደጋግማ ጠየቀችው፤ ትንፋሿ እስኪያልቅ። አላላትም።